የብረቱ መንገድና የድፍረት ባለቤት

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው የረጅም ዘመን ትግል ካፈራቸው ባሕርያት መካከል እንደ ድፍረት የተወደሰ፣ እንደ ድፍረትም ትርጉሙ የተድበሰበሰ ጥቂት ነው። ፈሪን ሁሉም ይነቅፈዋል፤ ደፋርን ሁሉም ያሞግሰዋል፤ ይሁንና ድፍረት ከምን እንደሚመነጭ፣ ምን ተደግፎ እንደሚቆምና የማን ሀብት እንደሆነ አጥብቆ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በተለመደው አስተሳሰብ እውነተኛ ደፋር የሚባለው ብቻውን የቆመ፣ ማንንም ያልተደገፈ፣ ከማንም ምንም ያልተበደረ ሰው ነው። ታዲያ አንድ ሰው ሌሎች በቀየሱት መንገድ፣ ሌሎች በተከሉት ብረት፣ በሌላ ሰውም መሪነት አስፈሪ ገደል ቢወጣ ያ ድፍረት የራሱ ነው ሊባል ይችላልን? ወይስ ከሌሎች የተዋሰው ጌጥ ነው?

ጥያቄው በረቂቁ ብቻ ሲታይ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በተጨባጭ የሚታይበት፣ በእጅም የሚዳሰስበት ሥፍራ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ የአልፕስ አካል በሆኑት በዶሎሚቲ ተራሮች፣ የኮርቲና ዳምፔዞን ሸለቆ እንደ ግንብ ቀጥ ያሉ ዓለቶች ከበውት ይታያሉ። በነዚህ ገደሎች ላይ በብዙ ቦታ የብረት ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱ በየተወሰነ ርቀት ዓለቱ ውስጥ በጠለቁ ካስማዎች ተይዟል፤ እግር የሚያርፍበት በሌለበት የብረት መርገጫ፣ ገደሉ ፍጹም ቀጥ ባለበት ደግሞ መሰላል ተተክሏል። ኢጣሊያውያን ይህን ዓይነቱን መንገድ «ቪያ ፌራታ» ይሉታል፤ የብረት መንገድ ማለት ነው። በበጋ ወራት መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቢሮ ጸሐፊዋ፣ ባጠቃላይ የተራራ ሙያ የሌላቸው ሰዎች የሠለጠነ መንገድ መሪ እየቀጠሩ ቀድሞ ለጥቂት ዓለት ወጪዎች ብቻ የተለየውን ከፍታ ይረግጣሉ።

አወጣጡም የራሱ ሥርዓት አለው። ወጪው የራስ ቁር ይደፋል፤ ወገቡንና ጭኖቹን በጠንካራ ጠፍር ይታጠቃል። ከጠፍሩ ላይ ሁለት አጫጭር ማሰሪያዎች ይወጣሉ፤ በየጫፋቸውም ካራቢነር የሚባል በራሱ የሚዘጋ የብረት መቆለፊያ አለ። ሁለቱም መቆለፊያዎች የብረት ገመዱን ይይዛሉ። ካስማ ላይ ሲደረስ አንዱ ተፈትቶ ከካስማው ወዲያ ይቆለፋል፤ ሁለተኛው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መፍታት ክልክል ነው። በሁለት ካስማዎች መካከልም ከአንድ ሰው በላይ መገኘት የለበትም። መንገድ መሪው ከፊት ሆኖ ይህን ሁሉ ያሳያል፤ ወደ ኋላ እየተመለከተ ይቆጣጠራል፤ እጅግ በሚያሠጋው ቦታ ላይም ደካማውን ተጓዥ በሌላ ገመድ ከራሱ ጋር ያስረዋል።

በድጋፍ የሚገኝን ድፍረት የሚንቁ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከነዚህ መካከል ክርክሩን በጥራትና በሐቀኝነት ያቀረበው ኦስትሪያዊው ፓውል ፕሮይስ ነው። ፕሮይስ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ጽሑፍ የተቸው ዓለት ወጪዎች የሚጠቀሙባቸውን የብረት ችንካሮችና ሰው ሠራሽ ዘዴዎች ነበር፤ ሐሳቡ ግን የብረቱን መንገድ ከችንካሩ ይልቅ አጥብቆ ይመታዋል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሰው ለሚገጥመው ችግር የሚመጥን ብቻ ሳይሆን ከችግሩ የሚልቅ ችሎታ ሊኖረው ይገባል፤ ያለ ገመድ በተረጋጋ መንፈስ መውረድ የማይችለውን ዓለት መውጣት የለበትም፤ ችንካር ለክፉ ቀን መጠባበቂያ እንጂ የዘወትር የአሠራር ስልት ሊሆን አይገባውም። ፕሮይስ የሚናገረውን የሚኖር ሰው ነበር። በዚያው ዓመት በብሬንታ ተራሮች ውስጥ ካምፓኒሌ ባሶ የተባለውን፣ እንደ ደወል ቤት ብቻውን የቆመ ዓለት፣ በምሥራቅ ገጹ በኩል ያለ ገመድ ብቻውን ወጣው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ በኦስትሪያ ተራሮች እንዲሁ ብቻውን ሲወጣ ወድቆ ሞተ።

ሐሳብ በባለቤቱ ሞት አይሻርም። የፕሮይስ ክርክር በራሱ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል፤ ለዚህም አንድ ጥንታዊ ድርሰት ይረዳል። ፕላቶ «ላኬስ» በተሰኘው ድርሰቱ ሶቅራጥስንና ሁለት የጦር አዛዦችን ስለ ድፍረት ምንነት ያከራክራል። ሶቅራጥስ ላኬስ የተባለውን አዛዥ ከጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ወደ ጉድጓድ ስለ መጥለቅ ነው። ሙያውን አውቆ ከሚጠልቀውና ሙያውን ሳያውቅ ከሚጠልቀው ደፋሩ ማንኛው ነው? ላኬስ ሙያ የሌለው ይበልጣል ለማለት ይገደዳል፤ ነገር ግን ወዲያው ከራሱ ቃል ጋር ይጋጫል፤ ድፍረት መልካም ነገር፣ ማስተዋል የጎደለው ድፍረት ግን አሳፋሪ ነገር መሆኑን አስቀድሞ አምኗልና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአደጋው ብዛት የድፍረት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ይልቅ ደፋር የሚባለው ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ሰው በሆነ ነበር።

በእርግጥ ፕሮይስ ለአላዋቂ አልተሟገተም፤ የሚፈልገው ዕውቀቱም ችሎታውም የራሱ የሆነ ሰው ነው። ነገር ግን «የራሱ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሊመረመር ይገባዋል። ካምፓኒሌ ባሶ ከፕሮይስ 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1899፣ ኦቶ አምፕፌረርና ካርል በርገር በተባሉ ሁለት ሰዎች ተወጥቶ ነበር። ፕሮይስ ከዓለቱ ሥር በቆመ ጊዜ አናቱ ሊደረስበት የሚችል መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ያወቀውም ሌሎች ስላሳዩት ነው። ድንጋዩን የመመርመር፣ ክብደትን በእግር ላይ የማሳረፍ፣ የአየሩን ጠባይ የማንበብ ጥበብም በብዙ ሰዎች ሙከራ፣ በብዙዎችም ሞት የተገኘ ነው። ገመድ አልያዘም፤ ዕውቀት ግን ይዞ ነበር፤ ዕውቀት ደግሞ ከገመድ ይልቅ የብዙ እጅ ሥራ ነው። ብቻውን የቆመ የሚመስለው ሰው ድጋፉ ከዓይን የተሰወረለት ሰው ነው። የብረቱ መንገድ በአንጻሩ ድጋፉን አይሸሽግም፤ ዕዳውን በየካስማው ላይ ጽፎ ለተጓዡ ያሳየዋል።

ይሁን እንጂ የተጻፈን የሚያነብ ሲኖር ነው። የብዙው ተጓዥ ጥፋት መደገፉ ሳይሆን የተደገፈበትን ነገር ታሪክ አለመጠየቁ ነው። የብረቱ ታሪክ ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነው። በኦስትሪያ የዳክሽታይን ተራራ ላይ የመጀመሪያዎቹ ብረቶች የተተከሉት በ1843 ተራራውን ያጠና በነበረው በፍሪድሪክ ሲሞኒ አሳሳቢነት ነበር። በዶሎሚቲ ከሁሉ ከፍ የሚለው፣ 3,343 ሜትር የሆነው ማርሞላዳ በምዕራብ በኩል ባለው የተራራው ጠርዝ ብረት የተገጠመለት በ1903 ነው። ብረቱን በስፋት ያስተከለው ግን ጦርነት ነው። ኢጣሊያ በግንቦት ወር 1915 በኦስትሪያና ሀንጋሪ መንግሥት ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ እስከ 1917 የጦር ግንባሩ በነዚሁ ገደሎች ላይ አለፈ። ሁለቱም ጦሮች ስንቅና መሣሪያ ለማውጣት፣ ወታደር ከዓለት ወደ ዓለት ለማሸጋገር መሰላል ተከሉ፤ ገመድ ዘረጉ፤ ዋሻ ቆፈሩ። በሚያዝያ ወር 1916 የኢጣሊያ ጦር ኮል ዲ ላና የተባለውን ተራራ ከሥሩ ቦርቡሮ አናቱን ከነጠላቶቹ በፈንጂ አነሣው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 13 ቀን ማርሞላዳ ላይ የወረደ የበረዶ ናዳ በመቶ የሚቆጠሩ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ወታደሮችን በሠፈራቸው ቀበራቸው። ዛሬ ለዕረፍት የሚወጣው ሰው በብዙ ቦታ የሚረግጠው እነዚህ ወታደሮች የቀየሱትን መንገድ ነው። ብረቱ በኋላ ዘመን ታድሷል፤ አቅጣጫው ግን የእነርሱ ነው።

ጦርነቱ ከተነሣ አንድ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ድፍረት በድጋፉ ብቻ ሳይሆን በዓላማውም ይመዘናል። ከዶሎሚቲ በስተሰሜን ፑስቴሪያ የሚባል ሸለቆ አለ። የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት በ1935 ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ካዘመታቸው ክፍለ ጦሮች መካከል አንዱ ስሙን ከዚህ ሸለቆ የወሰደው «ፑስቴሪያ» የተባለው የተራራ ተዋጊዎች ክፍለ ጦር ነበር። ይህ ክፍለ ጦር በአምባ አራዶም ተዋጋ፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 31 ቀን 1936፣ በማይጨው ጦር ሜዳ ተሰለፈ። በአልፕስ ገደሎች ላይ የሠለጠኑት እነዚህ ወታደሮች ድፍረት አልነበራቸውም ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ሙያም፣ ጽናትም፣ ለጓድ መሰዋትም ነበራቸው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሌላውን ሕዝብ ነጻነት ለመንጠቅ፣ የመርዝ ጋዝ ከአየር ከሚያዘንብ ኃይል ጎን ዋለ። አርስጣጣሊስ ድፍረት ከመልካም ዓላማ ሲለይ የድፍረት መልክ እንጂ ድፍረት እንደማይሆን አስተምሯል። የሸለቆው ዋና ከተማ በሆነችው ብሩኒኮ በ1938 ለተራራ ተዋጊዎቹ የቆመው ሐውልት ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ ጥቃት ደርሶበታል፤ በአካባቢው ሰዎች ዘንድም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ሐውልት ድፍረትን ብቻ አክብሮ ዓላማውን በዝምታ ሊያልፍ ሲሞክር ድንጋዩ ራሱ ዕረፍት ያጣል።

ከብረቱ ወደ ሰው፣ ማለትም ወደ መንገድ መሪው ሲመጣ ጥያቄው ይበልጥ ይጠልቃል። ብረት ፈቃድ የለውም፤ መንገድ መሪ ግን አለው። ተጓዡ ከፍሎ ይቀጥረዋል፤ ተራራው ላይ ከደረሱ በኋላ ግን ቀጣሪው ታዛዥ፣ ተቀጣሪው አዛዥ ይሆናል። ይህ ግንኙነት እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ በሕይወት የተገዛ ነው። በነሐሴ ወር 1820 በፈረንሳይ በኩል በሞን ብላን ተራራ ላይ፣ ዶክተር ሀመል የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ በርካታ መንገድ መሪዎችን ይዞ ሲወጣ መጥፎ አየር አገኛቸው። አየሩ ከተገለጠ በኋላ አዲስ በረዶ በተቆለለበት ቁልቁለት ላይ ጉዞው ቀጠለ፤ ናዳ ተነሣ፤ ሦስት መንገድ መሪዎችም ሞቱ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1821፣ በተራራው ሥር በሚገኘው የሻሞኒ ሸለቆ የመንገድ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው በተራ እንዲደርስ፣ አደጋ ለደረሰባቸውና ለሟች ቤተሰቦችም መረጃ የሚሆን ገንዘብ እንዲከማች ተደረገ። የዚህ ሥነ ምግባራዊ ፍቺው ከመረዳዳትም በላይ ነው። ለዕለት እንጀራው ብቻ የሚሠራ መንገድ መሪ ከከፋዩ ፊት «አይሆንም፣ እንመለስ» ማለት ይከብደዋል። ጓደኞቹ ከኋላው የቆሙለት፣ ልጆቹ እንደማይወድቁ የሚያውቅ መሪ ግን ይህን ቃል ለመናገር አቅም ያገኛል። ይህ ቃል ደግሞ በተራራ ላይ ከሚፈጸመው ድፍረት ሁሉ ምናልባት ትልቁ ነው፤ የሚጠይቀው ክብርንም ገንዘብንም ነውና።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ብሂል እውነት ነው፤ ቢሆንም መተሳሰር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። በሐምሌ ወር 1865 በስዊስና በኢጣሊያ ድንበር ላይ የሚገኘው ማተርሆርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ሰባት ሰዎች በአንድ ገመድ ታስረው ይወርዱ ነበር። ከመካከላቸው ልምድ የሌለው ወጣት እግሩ ከዳው፤ እርምጃውን ያስተካክልለት የነበረውን መንገድ መሪ ሚሼል ክሮን መትቶ ጣለው፤ ሁለቱም ሌሎች ሁለት ጎትተው ወደቁ። ገመዱ ተበጠሰ፤ አራቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ተረፉ። ከተረፉት አንዱ የሆነው አዛውንቱ መንገድ መሪ ፔተር ታውግቫልደር ገመዱን ቆርጧል ተብሎ ታማ፤ በምርመራም ነጻ ወጣ፤ ሐሜቱ ግን በቀላሉ አልለቀቀውም። ከዚህ አደጋ መረዳት የሚቻለው ገመድ የሰዎችን ዕጣ አንድ ያደርጋል እንጂ ማስተዋልን ሊተካ እንደማይችል ነው። ደካማውን ከብርቱው ጋር ማሰር ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ማን ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ገመድ፣ በየትኛው ቦታ ሊታሰር እንደሚገባው ማሰብ ግን ኃላፊነት ነው።

ዛሬ በብረቱ መንገድ ላይ የሚገኘው ተጓዥ ከዚህ ኃላፊነት ነጻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ብረቱ ሁሉን ችሎለታል፣ መሪውም ሁሉን አስቦለታል ይባላል። ይህ ግን ስሕተት ነው። በብረት ገመድ ላይ የሚወድቅ ሰው ወዲያው አይያዝም፤ እስከ ታችኛው ካስማ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ የሚደርስበት ንጥቀት በተለመደው የዓለት አወጣጥ ገመድ ከሚደርሰው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ንጥቀቱን የሚያበርድ ልዩ ማሰሪያ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2012 አንዳንድ ማሰሪያዎች በአገልግሎት ብዛት እንደሚዳከሙ በመታወቁ አምራቾች ብዙ ማሰሪያዎችን ከገበያና ከተጠቃሚዎች እጅ ሰበሰቡ፤ በ2017ም የአውሮፓ የጥራት ደረጃ 40 ኪሎ የሚመዝነውን ቀላል ሰውም 120 ኪሎ የሚመዝነውን ከባድ ሰውም እንዲያስብ ሆኖ ጠበቀ። ተራራውም ቢሆን ቃል አልገባም። በጁላይ 3 ቀን 2022 ከማርሞላዳ ግግር በረዶ ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ 11 ሰዎችን ገድሏል።

ስለዚህ ብረቱ አደጋን አላጠፋም፤ አደጋውን በሥርዓት ሊያዝ የሚችል አደረገው እንጂ። ሥርዓቱን የሚፈጽመው ደግሞ ተጓዡ ራሱ ነው። አንዱን መቆለፊያ ሳይዘጋ ሌላውን አለመፍታት፣ ከፊት ያለው ካስማውን እስኪያልፍ ታግሦ መጠበቅ፣ ድንጋይ ከእግር ሥር እንዳይንሸራተት መጠንቀቅ፣ እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ይመስላሉ። ነገር ግን ቸኩሎ ወደ ሌላው ክፍል የሚገባ ሰው ቢወድቅ ከታች ያለውን ይዞ ይወድቃል። መንገድ መሪው ስድስት ሰው ቢመራ የስድስቱን እጅ በያንዳንዱ ካስማ ላይ ሊይዝ አይችልም። ተጓዡ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሕይወት በጣቶቹ ይዟል። ድፍረቱም እውነተኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ እየፈራ፣ ፍርሃቱም ሳያስቸኩለው፣ ለሌላው ሲል ደንቡን ሲፈጽም።

በሌላ በኩል ድጋፍ ሁሉ መልካም ነው፣ ብረትም በየቦታው ይተከል የሚል ድምዳሜ ከዚህ ሊወጣ አይገባም። ፕሮይስ ያስጠነቀቀው ነገር በከፊል እውነት ሆኖ ይኖራል፤ ሁሉም ነገር በቀላሉ ሲደረስበት ለመድረስ የሚደረገው ጥረት ትርጉም ያጣል። በዚህ ረገድ በብሬንታ የሚገኘው የቦኬቴ መንገድ አስተማሪ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የተሠራው ይህ የብረት መንገድ የተራራ በሮችን እያገናኘ፣ በገደሉ ወገብ ባሉት ተፈጥሯዊ እርከኖች ላይ ያልፋል፤ ወደ ተራሮቹ አናት ግን አይወጣም። ፕሮይስ ያለ ገመድ የወጣው ካምፓኒሌ ባሶም ከዚሁ መንገድ አጠገብ ቆሞ ይታያል። በብረቱ የሚሄደው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል፤ ብረቱ ግን ወደዚያ አያደርሰውም። ብዙኃኑ ወደ ተራራው ልብ እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ በራሱ ብርታት ሊወጣ ለሚፈልገውም አናቱ ሳይነካ ቀርቷል። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለቱም ክብሮች ጎን ለጎን ሊኖሩ ችለዋል።

ይህ ጉዳይ ከተራራ ውጭም ይሠራል። መምህር ተማሪውን ሲመራ፣ ሠዓሊ ከቀደሙት የቀለምና የመሥመር ጥበብ ሲነሣ፣ የሥራ ኃላፊ ብዙዎችን ይዞ ወደ አዲስ ሥራ ሲገባ ሁሉም በሌሎች ካስማ ላይ ይቆማሉ። የመልካም መሪ ምልክቱ ተከታዩ ለዘለዓለም እንዲደገፍበት አለማድረጉ ነው። በመጀመሪያው ካስማ ላይ መቆለፊያውን ራሱ ይዘጋለታል፤ በሁለተኛው ላይ እያየ ያዘጋዋል፤ በሦስተኛው ላይ ተከታዩ የጓደኛውን መቆለፊያ እንዲመረምር ያደርገዋል። መሸነፍ መስሎ ቢታይም በሚገባው ጊዜ «እንመለስ» ለማለት ይችላል። የመልካም ተከታይ ምልክቱ ደግሞ አናቱ ላይ ሲደርስ ብቻውን እንደመጣ አለማውራቱ ነው።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በሌላው ድጋፍ የተገኘ ድፍረት የራስ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ዕዳ የሚገኝ ድፍረት ግን በዓለም ላይ የለም። ዕዳውን የሚክድ ሰው ያለ ገመድ ቢወጣም የተዋሰውን ለብሶ ይኮራል፤ ዕዳውን የሚያውቅ ሰው በብረት ተደግፎ ቢወጣም በገዛ እግሩ ቆሟል። ዕዳውም የሚከፈለው ካስማውን ለተከሉት በማስታወስ፣ አብረው ለሚወጡት በመጠንቀቅ፣ በኋላ ለሚመጡትም የላላውን ካስማ ሳያጠብቁ ባለማለፍ ነው።